እያወቁ የተከተሏት ወፍ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለፌብሩዋሪው አዲስ ዓመት መጥቼ ከተለያየን ወዲህ እንደምን ሰነበቱ? የባሕሩ ነፋስ እንዴት አድርጎዎታል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያመጣሁልዎትን ማሰሪያ ያደርጉታል ወይስ እማዬ እንደምትለው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው «ለክፉ ቀን ይሁን» ብለውታል? ጠዋት ጠዋት የሚይዝዎት ሳል ለቀቀዎት? እማዬ እንዴት ናት? የቆስጣው ለቀማ አለቀ ወይ? ወገቧ ቀና አለላት? የምጠይቀው ብዙ ነው። እርስዎ ለዚህ ሁሉ አንዴ ራስዎን ነቅነቅ አድርገው እንደሚመልሱልኝ ስለማውቅ፣ ያችኑ ንቅናቄ ከዚህ ሆኜ እያየኋት እጽፋለሁ።

እኔ በጣም ደህና ነኝ። ቡቾን አሁንም ይበርዳል፤ ግን ሥራ ቤታችን ያለው ከልብስ ማጠቢያው በላይ ስለሆነ ሙቀቱ ከሥር ይመጣልናል። እማዬ የላከችው ሁለት ካርቶን ቆስጣ ደርሶኛል። አንዱን እኔና የሥራ ባልደረባዬ ዱሺክ በሰሊጥ ዘይት እያሸን ከሩዝ ጋር ሳምንት ሙሉ በላነው። ዱሺክን ያውቁታል፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ከእኔ ጋር ደሴታችን ድረስ መጥቶ ጭቃው ውስጥ ጫማውን የጣለው ሰው ነው። «የአባትሽ አገር ጫማዬን በላ፤ አሁን እኔ ቆስጣውን እበላለሁ» እያለ ነው የበላው።

ስልክ ጆሮዎ ላይ ማቆየት እንደማይወዱ ስለማውቅ በወረቀት መጣሁ። የመጣሁትም ለማመስገን ነው። ስለ ምን እንደሆነ ግን ከመጀመሪያው ካልነገርኩዎት ምስጋናው ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ከመኸሩ ጀምሮ እኔና ዱሺክ አንድ አጭር የካርቱን ፊልም እያቀድን ነበር። ሰባት ደቂቃ ነው፣ ለትንንሽ ልጆች፣ አንድም ቃል የሌለበት። ማንም አይናገርበትም፣ ማንም አይተርክበትም፣ ጽሑፍ እንኳ የለውም። የየትም አገር ልጅ እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ አስተርጓሚ ሳይፈልግ የሚያየው እንዲሆን ነው። ታሪክ ሲጠፋን ሁለት ወር ተቸገርን። አንድ ቀን ሳላስበው «አንድ ጨው ሠሪ፣ አንዲት ወፍ፣ ሦስት እንቁላል» አልኩት። ዱሺክ እርሳሱን አስቀመጠና «ይህን የት ደብቀሽው ነበር?» አለኝ። ደብቄው አልነበረም። የእርስዎን ታሪክ ሳላስፈቅድዎ መውሰዴ ነበር። ለአዲስ ዓመቱ ቤት ስመጣ ልነግርዎት አስቤ፣ የሩዝ ኬክ ሾርባውን ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንበላ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት።

እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ እኔ የማስታውሰውን ልንገርዎትና ይፍረዱ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጁን ወር ነው፣ ፀሐይዋ ጨው የምታበዛበት ወር። የባሕር ውኃ እያደረቅን ጨው ከምናወጣባቸው ማሳዎች ሦስተኛውን ለጥገና ውኃውን አፍስሰው አድርቀውት ነበር። ያቺ ደረተ ነጭ፣ እግረ ፈጣን ትንሽ ወፍ ደረቁ ማሳ መካከል አፈሩን በደረቷ ጎድጎድ አድርጋ ሦስት እንቁላል ጣለችበት። ጥገናው አለቀ፤ እርስዎ ግን ውኃውን አልለቀቁትም። የሰዉ ማሳ ሁሉ ነጭ በነጭ ሲሆን የእኛ ሦስተኛ ማሳ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አቶ ፒዮ ከማዶ የጨው መግፊያቸውን ተደግፈው «አንተ ሰውዬ፣ ዘንድሮ ጨው ትተህ እንቁላል ልትሸጥ ነው እንዴ?» ብለው ሲጮኹ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እርስዎ ሊመልሱ አፍዎን ከፈቱ፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ያዘዎት፤ መልሰው ዘጉት። እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ከዚያ በሳምንቱ ትርፍ አንጀቴ አመመኝና ሞክፖ ከተማ ሆስፒታል ገባሁ፤ አክስቴ ቤትም አንድ ወር ቆየሁ። ስመለስ ማሳው ውኃ ሞልቶት ነበር። እንቁላሎቹ ምን እንደሆኑ አልጠየቅኩም። እርስዎም አልነገሩኝም።

እንግዲህ መጨረሻውን ስለማላውቀው ከራሴ ፈጠርኩ። ኃይለኛ ዝናብ ይመጣል፤ ሰውየው እየሮጠ ሄዶ እንቁላሎቹን ባርኔጣው ውስጥ ሰብስቦ ወደ ጨው ማከማቻው ይገባል፤ ሙዚቃው ይደምቃል። እኛ ፊልም ከመሥራታችን በፊት ታሪኩን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ውስጥ በእርሳስ ስለን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ እሱ ነው ዕቅዳችን። ግድግዳችን ሞላ። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ኮርቼ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ ንድፉን በቅደም ተከተል በስክሪን እንዲታይ አድርገን በሰፈራችን ያለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ወሰድነው። መምህርት ባንግ የሚባሉ ደግ ሴት ሃያ ሦስት ልጆች ምንጣፍ ላይ አስቀመጡልን። ሰውየው ገና ብቅ ከማለቱ ጋዩን የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ «ለምንድነው የተቆጣው?» አለች። «አልተቆጣም» ልላት አፌን ስከፍት ዱሺክ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ዝናቡ መጥቶ ሰውየው እንቁላሎቹን ባርኔጣው ውስጥ ሲያስገባ ደግሞ ቴኦ የሚባለው ልጅ ብድግ ብሎ «ሌባ! ሌባ! እንቁላል ሰረቀ!» ብሎ ጮኸ። «ጠብሶ ሊበላቸው ነው» አለች ሌላዋ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! አንዱ «ቀቅሎ ነው እንጂ» ይላል፤ አንዱ «ለእኔም አንድ ስጠኝ» ይላል፤ አንዲት ሚጢጢ ልጅ ለወፏ አዝና እየየ ትላለች። መምህርት ባንግ ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

አባዬ፣ ሃያ ሦስት ልጆች ፊት እርስዎን ሌባ አድርጌዎት ወጣሁ።

መንገድ ላይ ዱሺክ ብዙም አልጨከነብኝም። «ተይ፣ አትዘኚ» አለኝ፤ «አንድ የሽማግሌ ድምፅ እናስገባበት። ‹ይህ ደግ ሰው እንቁላሎቹን ከዝናብ ሊያድናቸው ነው› ካለልን ጣጣው አለቀ።» ፊልሙን ለመሥራት የሚፈቅዱልን ሰዎች የሚሰበሰቡት በአምስት ሳምንት ውስጥ ነበር። በማግስቱ ዱሺክ ሁለት ገጽ ሙሉ የተራኪ ንግግር ጽፎ መጣ። አነበብኩት፤ ጥሩ ነበር። እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም። ግድግዳውን ቀና ብዬ ሳይ ግን ከመቶ በላይ ሥዕል ውስጥ አንድ ዓይነት ፊት ነው ያለው፤ ቅንድቡ የወረደ፣ አፉ የተዘጋ። ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ቁጡ ነው። የልጅነት ፍርሃቴን ነበር የሳልኩት። እርስዎ እንዴት እንደሚራመዱ፣ ሲያጎነብሱ ትከሻዎ ወዴት እንደሚሄድ፣ መግፊያውን በየትኛው እጅ እንደሚይዙ ልሳል ብል አላውቀውም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ልጅዎ ሆኜ አላየሁትም።

ያኔ ነው የደወልኩልዎት። ያስታውሱ እንደሆነ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳልሰጥዎት «አባዬ፣ ያኔ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ?» አልኩዎት። ቃል ሊጀምሩ ሲሉ የሚያሰሙት ትንፋሽ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «እኔ ምን አውቃለሁ» አሉና ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። ተቀየሙኝ ብዬ አሰብኩ።

በሦስተኛው ቀን እማዬ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ምን አልሽው?» አለችኝ። «ጨው የለ፣ ውኃ የለ፣ በዚህ ብርድ ማሳው ላይ ብቻውን ወዲያ ወዲህ ሲንከላወስ ይውላል። ትናንት እጁን እያርገበገበ ሲሄድ የፒዮ ሚስት አይታው መጥታ ነገረችኝ። ሐኪም ቤት ልውሰደው እንዴ?» እኔም ደነገጥኩ። ለካ እየተለማመዱ ነበር!

በማግስቱ ወንድሜ ጓንግሆ በስልኩ የቀረጸውን ላከልኝ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። የምጽፈው ለራስዎ የራስዎን ሥራ ነው፤ ግን እኔ ያየሁትን ይወቁልኝ። መግፊያውን ትከሻዎ ላይ አድርገው ይመጣሉ። ድንገት ይቆማሉ፤ ቀኝ እግርዎ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመልሱታል። ከዚያ መግፊያውን ያስቀምጡና ወፏን ይሆናሉ። ሰውን ከእንቁላሎቿ ለማራቅ እንደምታስመስለው፣ ክንፍዎ የተሰበረ ይመስል እየጎተቱት፣ እየወደቁ እየተነሡ፣ በሰባ አንድ ዓመትዎ፣ በዚያ ጉልበት! ጓንግሆ መጀመሪያ ላይ ሲስቅ ይሰማል። እንደገና ደግሞ ራስዎን ይሆናሉ፤ እንቁላሎቹ ያሉበትን አንዴ በዓይንዎ ያዩና ፊትዎን አዙረው ያችን የውሸት ስብራት ተከትለው ማሳውን ሙሉ ይዞራሉ። ይመለሳሉ። ይመጣሉ። እንደገና ይከተሏታል። ያኔ ገባኝ። በየቀኑ እንቁላሎቹ የት እንዳሉ እያወቁ፣ አታለልኩት ብላ ልቧ እንዲያርፍ ይከተሏት ነበር። ለዚህ ነው ያን ሰሞን ምሳ ሰዓት ያረፍዱ የነበረው።

መጨረሻ ላይ ቁጭ ብለው መዳፍዎን ዘረጉ። ሁለት ጣት መዳፍዎ ላይ እንደ ጫጩት ሮጠው ሄዱ። ሦስተኛው ጣት ከቦታው አልተነሣም። ትንሽ ጠበቁት። ከዚያ ማሳው ጥግ ላይ አፈሩን በእጅዎ ቆፈር አድርገው ያንን ሦስተኛውን አኖሩትና ከደኑት። ተነሥተው ውኃ መዝጊያውን እንጨት ሳቡት። እዚህ ላይ የጓንግሆ ሳቅ የለም፤ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ነው ያለው።

ስልኩን ለዱሺክ ሰጠሁት። ቆሞ አየው። ወንበር ስቦ ደግሞ አየው። ሦስተኛ ጊዜ ካየው በኋላ «ይህን ሰው ማን አስተማረው?» አለኝ። «አባቴ ነው፣ ማንም አላስተማረውም» አልኩት። «ታዲያ አንቺ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አለኝ። ያን ሁለት ገጽ የተራኪ ንግግሩን አራት እጥፍ አጠፈና የሚነቃነቀው ጠረጴዛችን እግር ሥር ከተተው። አሁን ጠረጴዛው አይነቃነቅም።

ዝናቡን አወጣነው። እንቁላል በባርኔጣ የሚሰበሰብበትን አወጣነው። ፊቱን ከባርኔጣው ጥላ ሥር አስገብተን እግሩን አጎላነው። አሥራ ስምንት ቀን እሑድን እንኳ ሳናርፍ የእርስዎን አራት ደቂቃ እያስቆምን፣ እያስኬድን፣ እንደገና እያስቆምን ሳልን። ዱሺክ አየር ላይ የቀረችውን ቀኝ እግር ለመሳል ራሱ መስታወት ፊት አንድ እግሩን አንሥቶ ሲቆም ወድቆ የቀለም ዕቃችንን ደፋው። ፊልሙ ውስጥ ከማዶ ሆኖ የሚስቅ ጎረቤትም አለ። ሰውየው ግን አይመልስለትም፤ ወፏን ይከተላል እንጂ። ቀን በቀን መንገዱ ይረዝማል።

ማርች ሲገባ ወደ እነዚያው ልጆች ተመለስን። አዲሱ የትምህርት ዓመት ስለጀመረ አንድ ክፍል ከፍ ብለዋል፤ መምህርት ባንግም አብረዋቸው ከፍ ብለዋል። ቴኦ ሲያየን «ሌባው መጣ!» አለ። ሰውየው መጣ፣ ቆመ፣ እግሩ አየር ላይ ቀረ። አንድም ልጅ አልተናገረም። ወፏ ክንፏን ስትጎትት «ውይ፣ ተሰበረች» ያሉ ነበሩ። ሰውየው ሲከተላት ዝም። በሁለተኛው ቀን ሲከተላት ዝም። በሦስተኛው ቀን ጋዩን በጉልበቷ ተነሥታ «ያውቃል እኮ!» ብላ ጮኸች። «እንቁላሉ የት እንዳለ ያውቃል! እያወቀ ነው የሚከተላት!» ቴኦ ዞር ብሎ «ታዲያ ለምን ይከተላታል?» አላት። «እንዳትፈራ ነዋ፣ ደደብ!» አለችው። መምህርት ባንግ «ደደብ አይባልም» ብለው ተቆጧት፤ ዓይናቸው ግን ስክሪኑ ላይ ነበር።

ሦስተኛው እንቁላል ላይ ስንደርስ በጣም ፈርቼ ነበር። ዱሺክ «ለልጅ ይከብዳል፣ ሦስቱም ይፈልፈሉ» ብሎኝ ተከራክረን ነበር። አንዱ «ተኝቷል» አለ። ቴኦ፣ ያ ሌባ ሌባ ሲል የነበረው፣ ትንሽ አሰበና «አይ፣ እሱ አልቻለም» አለ። ማንም አላለቀሰም። ሰውየው አፈሩን ሲከድን አንዳንዶቹ ምንጣፉን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ ሲያደርጉ አየኋቸው። አልቆ ወደ ጫማ መደርደሪያው ሲሄዱ ደግሞ አንድ እግራቸውን እያንጠለጠሉ፣ ወለሉ ላይ እንቁላል ያለ ይመስል እየተጠነቀቁ ነው የሄዱት፤ አንዲት ልጅ ጫማዋ ጋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ዱሺክ ኮሪደሩ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ።

ባለፈው ሐሙስ ፈቃጆቹ ሰዎች ጋ ቀረብን። ከአምስቱ አንደኛው «ተራኪ ሳይኖረው ልጆች ይረዱታል?» ብለው ጠየቁ። እኔ ልመልስ ስል ዱሺክ ቀደመኝና «ተራኪማ አለው፤ እግሩ ነው» አላቸው። ሳቁና ፈቀዱልን። ፊልሙ በመጪው ክረምት ያልቃል። አባዬ፣ ይህ የሆነው በእርስዎ ነው። በብርድ ቆመው ለተለማመዱልኝ ሦስት ቀን፣ ለዚያ ጉልበት፣ ለምን እንደፈለግኩት እንኳ ላልጠየቁኝ ትዕግሥትዎ፣ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ።

አንድ የሚቀረኝ ነገር አለ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ አባቶች እየመጡ ስለ ሥራቸው ለክፍሉ እንዲናገሩ የተባለበት ቀን ነበር። እርስዎ ሸሚዝዎን አስተኩሰው በሩ ላይ ሰቅለውት ነበር። እኔ ጠዋት ቀድሜ ሄጄ ለአስተማሪው «አባቴ አሞታል» አልኩ። ወዲያው ቤት ሮጬ ተመልሼ ደግሞ ለእርስዎ «ቀርቷል» አልኩዎት። አንደበትዎ ሲያዝ ልጆቹ ይስቁብኛል ብዬ ነው። ያውቁ እንደነበር አሁን ይገባኛል። የውሸት ስብራቴን ተከትለው ሸሚዙን አጣጥፈው አስቀመጡት፤ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ይቅር ይበሉኝ።

መምህርት ባንግ ፊልሙ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁኝ የእርስዎን አራት ደቂቃ ለልጆቹ አሳየኋቸው። አራት ጊዜ አስደገሙኝ። «እኚህ አያት መቼ ነው የሚመጡት?» ብለው ያዙኝ። ሜይ ዘጠኝ ቀን ይመጣሉ ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። የጨው ሥራው እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ጓንግሆ ሦስት ቀን እንዲይዝልዎት ለምኜዋለሁ፣ እሺ ብሏል። ማውራት አይጠበቅብዎትም። ማውራት ከፈለጉ ደግሞ ቃሉ እስኪመጣ ድረስ እኔም ልጆቹም እንጠብቃለን፤ ጊዜ አለን።

እማዬን ይቀፉልኝ፤ አላበድኩም ይበሏት። ለወንድሜ ለጓንግሆ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ስልኩን ሳያንቀጠቅጥ ስለያዘልኝ ባለውለታዬ ነው። ለዮንሄ፣ ከአማቶቿ ጋር ብርዱን ለምትችለው ደግ ምራታችን፣ የጠየቀችኝን የፀጉር ቅባት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ለልጃቸው ለትንሿ ሃራም ስድስት የቀለም እርሳስ አለ፤ ግድግዳው ላይ ብትስል አይቆጧት። ለአቶ ፒዮም ሰላም ይበሉልኝ፤ ፊልሙ ውስጥ አሉ፤ ሆዳቸውን ትንሽ ቀንሼላቸዋለሁ። ለእርስዎ ግን በወረቀት የተጻፈ ሰላምታ አልበቃኝም። ሜይ ስምንት ቀን ጠዋት ሞክፖ ወደብ ላይ ቆሜ ጀልባዎን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ሶሊ

ቡቾን፣ ማርች 26 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.